የውስጡ ቴፕ

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ይድረስ ለወንድምጋሼ፤

እንደምን ሰንብተሃል? የእማዬስ ጉልበት ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሩን ካነሣሁ በኋላ ግን ውሸት እንዳይሆን ተውኩት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ዝም ማለቴ ከሕመም ነው ወይስ ከቅያሜ ብለህ ለጠየቅከኝ፣ ከሁለቱም አይደለም። ፈርቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር እዚህ ሆስፒታላችን በቀዶ ጥገና ከወለዱት እናቶች የሦስቱ ቁስል አመረቀዘ። ሁለቱ በመድኃኒት ተሽሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሦስተኛዋ ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ ናት። ትኩሳቷ ወረደ ሲባል ይወጣል፤ ልጇን አጠገቧ ቢያስተኙላትም አንሥታ ማቀፍ አቅቷታል። በእሷ ክፍል በር ላለማለፍ ስል በጓሮ ዞሬ ነው ሥራ የምገባው።

የቀዶ ጥገናውን መሣሪያ የማመክነው፣ ጀርሙን የምገድለው ደግሞ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መቀሱን፣ መቆንጠጫውን፣ ቁስል የሚሸፈንበትን ጎዝ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ድራም በምንለው ክዳን ባለው ብረት ውስጥ ደርድሬ፣ በእንፋሎት ወደሚያመክነው ማሽን የማስገባው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመና ትናንት ተጠራሁ። ሰብሳቢው ትልቁ ሐኪም ነው፤ የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗና የአስተዳደሩ ሰው አብረውት ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ፣ "ያልመከነ መሣሪያ የነካው ቁስል ያመረቅዛል። የሦስቱም ቁስል አመረቀዘ። ስለዚህ መሣሪያው አልመከነም። የቀረሽ መፈረም ነው" አለኝ። ወንድምጋሼ፣ እዚህ ንግግር ውስጥ አንድ ስህተት እንዳለ ሆዴ ይነግረኛል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ማሳየት አቃተኝ።

እኔ ማስረጃ አለኝ። ድራሙ ላይ የምንለጥፈው ነጭ ቴፕ አለ። ማሽኑ ውስጥ ገብቶ እንፋሎቱ በደንብ ሲያገኘው በላዩ ያሉት መስመሮች ይጠቁራሉ፤ ካላገኘው እንደነጣ ይወጣል። ሌላው ሰው ልጦ የሚጥለውን እኔ ደብተር ላይ በየቀኑ እየለጠፍኩ አስቀምጣለሁ። አመሌን ታውቀዋለህ። አሥራ አራት ደብተር ሞልቷል። የእነዚያ ሦስት ቀናት ቴፖችም አሉ፤ ከሰል ናቸው።

ለሐሙስ ጥር 15 ቀጥረውኛል። ካልፈረምኩ ያን ቀን መልስ መስጠት አለብኝ፤ መልስ ካጣሁ መባረሬ ብቻ አይደለም፣ ነገሩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ትክክለኛ አስተሳሰብ የሚሉትን ስታስተምር ኖረሃል። እባክህ የሐኪሙን ነገር ፍታልኝ። ስልክ ግን እንዳትደውል፤ ስልኩ ያለው ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለእማዬም ምንም እንዳትነግራት።

እህትህ


ቅዳሜ፣ ጥር 10

ለጥንቁቋ፤

ይህን ስም ያወጣንልሽ ከመተኛትሽ በፊት በሩን ሦስቴ ገፍተሽ ታዪ ስለነበር ነው። ዛሬም አለቀቀሽም ማለት ነው፤ አሥራ አራት ደብተር! ደብዳቤሽ የደረሰኝ አርባ ሁለት የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ ነው። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ትልቁ ሐኪምሽ የሠሩት ስህተት ከአርባ ሁለቱ ተማሪዎቼ ሠላሳዎቹ የሠሩት ስህተት ነው።

ስሚኝ እንግዲህ። አንዳንድ ነገር "ያለሱ አይሆንም" የሚባል ነው። አንዳንዱ ደግሞ "እሱ ካለ በቃ" የሚባል ነው። መጽሐፉ አስፈላጊ ሁኔታና በቂ ሁኔታ ይላቸዋል፤ እኔና አንቺ በቤት ስማቸው እንጥራቸው። አውቶቡስ ያለ ሹፌር አይሄድም። ሹፌሩ መጣ ማለት ግን አውቶቡሱ ሄደ ማለት ነው? ባለፈው ዓመት ልሸኝሽ መጥቼ ሹፌሩ ዓይናችን እያየ ሻዩን እየጠጣ ሦስት ሰዓት መናኸሪያ አላስቀመጠንም? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባልም ይኸው ነው። ላም ከሌለች ኩበት የለም። ላም ዋለች ማለት ግን ቅርጫትሽ ሞላ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ሌላ ነው። አባባ ወደ ቤት ሲመጣ ውሻችን መጮኹን ያቆም ነበር፤ ትዝ ይልሻል? አባባ ከመጣ የውሻው ዝምታ የማይቀር ነው። አንድ ቀን ታዲያ ውሻው ዝም ሲል "አባባ መጣ!" ብለን የሰረቅነውን ስኳር ከነጣሳው ጉድጓድ ውስጥ ወረወርነው። ለካ ውሻው እንቅልፍ ወስዶት ኖሯል። አባባ የመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ የገረፈንም ስለ መስረቃችን ሳይሆን ስለ ማባከናችን ነው።

ሐኪምሽ የውሻውን ዝምታ ሰምተው "አባባ መጣ" እያሉ ነው። ያልመከነ መሣሪያ ቁስል ለማበላሸት ይበቃል፤ ይሁን። ቁስል ግን በሌላም ይበላሻል። በሐኪም እጅ ይበላሻል፣ በማጠቢያው ውኃ ይበላሻል፣ ፋሻ ሲቀየር ይበላሻል። ከመሣሪያው ወደ ቁስሉ የሚወስደው መንገድ ከቁስሉ ወደ መሣሪያው አይመልስም። ይህችን ብቻ ረጋ ብለሽ በያቸው። ከዚያ ተቀመጪ፤ ብዙ አታውሪ።

እማዬ ደህና ናት፤ አልነገርኳትም።

ወንድምሽ


ዓርብ፣ ጥር 16

ይድረስ ለወንድምጋሼ፤

ረታኋቸው! ደብዳቤህን በቃሌ አጥንቼው ነበር። ስለ ውሻው ተውኩት፣ ሹፌሩን ግን አልማርኩትም፤ ሜትሮኗ እንኳ ፈገግ አለች። ጨርሼ ስቀመጥ ሐኪሙ፣ "ማነው ያስተማረሽ?" አለኝ። "ወንድሜ" አልኩ። የመፈረሚያው ወረቀት ወደ ፋይሉ ተመለሰ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ሁሉንም ካልነገርኩህ ደግሞ ትቀየመኛለህ። የአስተዳደሩ ሰው፣ "መሣሪያው ካልሆነ ታዲያ ምንድነው?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አንተ እንደ ዘረዘርከው ዘረዘርኩ። እጅ አልኩ፤ ሐኪሙ ፊቱ ጠቆረ። ውኃ አልኩ፤ የአስተዳደሩ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ፋሻ መቀየር ስል ሦስቱም ቀና አሉ።

እዚህ ክፍል ቁስል የምታጥበውና ፋሻ የምትቀይረው ሳቂታዋ ናት፤ ባለፈው ዓመት ለእማዬ ሹራብ ሠርታ የላከችው ጓደኛዬ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከሥራ ታግዳለች። እጇን ሳትታጠብ ፋሻ ብትቀይር ቁስሉ ያመረቅዝ ነበር፤ ቁስሉ አመረቀዘ፤ ስለዚህ አልታጠበችም ተባለ። ውሳኔው ዓርብ ጥር 30 ይሰጣል። ኮሪደር ላይ አግኝታኝ አቀፈችኝና "እንኳን ነፃ ወጣሽ!" አለችኝ። በማን ንግግር እንደታገደች የነገራት የለም።

የቀዶ ጥገናው ክፍል ታጥቦ ሰኞ የካቲት 3 ይከፈታል ተብሏል። የመጀመሪያዋ ባለተራ መንታ ያረገዘች ሴት ናት። ድራሞቹን ከወዲሁ እያዘጋጀሁ ነው።

ፖስታውን ካሸግክ በኋላ ጀርባው ላይ በእርሳስ የጻፍካትን ጥያቄ አይቻታለሁ። ዛሬ አልመልሳትም፤ ዓይኔን አሞኛል።

እህትህ


ማክሰኞ፣ ጥር 20

ለጥንቁቋ፤

ደስ ብሎኝ አንብቤ ሳልጨርስ ደስታዬ ጠፋ። እኔ የሰጠሁሽ መልስ ላንቺ ብቻ የተሰፋ ልብስ አልነበረም። በአንቺ ላይ የተሠራው ስህተት በማግስቱ በጓደኛሽ ላይ ሲደገም፣ ያው ሐኪም፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያቺ ሹፌሩን ያልማረች ምላስሽ የት ሄደች? "ይህም ያው ነው" ለማለት አንድ ትንፋሽ አይበቃሽም ነበር? አንቺ ፈሪ ልጅ አልነበርሽም። የምትፈሪው ነገር ሲኖር ብቻ ነው ዝም የምትዪው።

እማዬ አውቃለች። መነጽሯን ስትፈልግ ከካፖርቴ ኪስ ሁለቱንም ደብዳቤዎች አግኝታ አነበበቻቸው። ትጮህብኛለች ስል ደብዳቤዎቹን መልሳ አጠፈቻቸው። ከዚያ፣ "በመጀመሪያው ላይ የሰባት ቁጥሯ ሴትዮ አለች። በሁለተኛው ላይ የለችም። ልጄ ስለ እሷ መጻፍ ለምን አቃታት?" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት እኔ አላስተዋልኩትም ነበር።

በእርሳስ የጻፍኳትን ደግሜ አልጠይቅሽም። ዓይንሽን ይማርሽ።

ወንድምሽ


ቅዳሜ፣ ጥር 24

ይድረስ ለወንድምጋሼ፤

ከውጭ ነው። ቴፑን የምለጥፈው ከውጭ ነው።

በእርሳስ ለጻፍካት ጥያቄ ይኸው መለስኩልህ። ስንሠለጥን የተነገረን አንዱን ከድራሙ ውጭ፣ አንዱን ደግሞ ከጥቅሉ መካከል እንድናደርግ ነው። ከስምንት ወር በፊት ቴፕ ጠፋ፤ አንድ ጥቅልል ለሁለት ወር ይብቃችሁ ተባልን። ማንም ሳያዘኝ የውስጡን ተውኩት። የሚታየው የውጩ ነው፣ ደብተሬ ላይ የሚያምረውም እሱ ነው። ከዚያ ከሁለቱ ማሽኖች አንዱ ተበላሸ፤ በሁለት ዙር የማመክነውን በአንድ ዙር ለመጨረስ ድራሙን ጢም አድርጌ መጠቅጠቅ ጀመርኩ። እንፋሎት ደግሞ ክፍተት ካላገኘ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ይህን ለልምምድ የሚመጡ አዲስ ገቢዎችን ሳስተምር በገዛ አፌ የምናገረው ነው!

ቴፑ ካልጠቆረ ዕቃው አልመከነም፤ የተማርኩት ይህንን ነው። እኔ ገልብጬ "ከጠቆረ መክኗል" አድርጌ ያዝኩት። ሐኪሙን የረታሁበት ስህተት የራሴ ስህተት ነበር። እስከ ዛሬ አላየሁትም ብል እዋሻለሁ። ኮሚቴው ፊት ቆሜ ስለ ሹፌሩ ሳወራ ታይቶኛል። ስለ ሳቂታዋ ብናገር ኖሮ ነገሩ ወደ እኔ ተመልሶ ደብተሩን አምጪ ይሉኛል ብዬ ነው አፌን የያዝኩት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ሰባት ቁጥሯ ከረቡዕ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰችም። ለእማዬ ንገራት።

ምን ላድርግ? ተናገሪ ብቻ አትበለኝ። እሱን አውቀዋለሁ።

እህትህ


ማክሰኞ፣ ጥር 27፤ በሹፌር እጅ

እህቴ፤

ፖስታ ቤቱን ሳልጠብቅ በዚያ ሻይ በሚወደው ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ፤ በሐሙስ ይደርስሻል ብሎ ምሎልኛል።

መጀመሪያ ይቅርታ። ጥያቄዬን ማስቀደም ሲገባኝ መልሱን አስቀደምኩ። እህቴ ተከሰሰች ብዬ ደነገጥኩና መምህርነቴን ረሳሁት።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ድራሙን ልክ እንደዚያን ጊዜው ጠቅጥቂው። አንድ ቴፕ ከውጭ፣ አንድ ከክዳኑ ሥር፣ አንድ ከመካከል። እንደ ልማድሽ አስገቢው፣ እንደ ልማድሽ አውጪው። የመካከሉ ነጭ ከወጣ አወቅሽ፤ አልመከነም፣ ሌላ ክርክር የለውም። ጥቁር ከወጣ ግን ምንም አላወቅሽም፤ ዛሬ ጠቆረ ማለት ያን ጊዜም ጠቁሮ ነበር ማለት አይደለም። ክፉው ዜና ብቻ ነው እርግጠኛ የሚሆነው። እንዲህ ያለ ፈተና ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ነጭ ቢወጣ እንኳ ያንን ቁስል ያመጣው እሱ ነው ለማለት አይበቃም። ከፈለግሽ ልትሸሸጊበት ትችያለሽ፤ አንድም ውሸት ሳትናገሪ ዝም ብለሽ መኖር ትችያለሽ። ይህን የምነግርሽ ወንድምሽ ስለሆንኩ ነው። ሰኞ ግን ባለመንታዋ ትገባለች፤ ድራሞቿን ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ።

እማዬ "ልጄን ሳምልኝ" ብላለች።

ወንድምሽ


ዓርብ፣ ጥር 30

ወንድምጋሼ፤

ትናንት እኩለ ቀን ላይ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ አደረግኩት። ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስ ከማሽኑ ፊት ቆምኩ፤ መቀመጥ አቃተኝ። ክዳኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። የውጩ ከሰል ነው። የክዳኑ ሥር ያለው ግራጫ ነው። የመካከሉ እንደገባ ወጣ፤ ነጭ።

ከጎኑ የነበረውን ጎዝ ነካሁት። ለብ ብሏል እንጂ አልሞቀም።

ለሰኞ ያዘጋጀኋቸውን ድራሞች በሙሉ ከፍቼ በተንኳቸው። ኮሚቴው የሳቂታዋን ውሳኔ ሊሰጥ ዛሬ በአምስት ሰዓት ይሰበሰባል። ይህን የምጽፍልህ በራቸው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጬ ነው። ሳቂታዋ አጠገቤ ናት፤ ስለፈራች እጄን ይዛኛለች። የያዘችው የግራዬን ነው፤ ቴፑ ያለበትን ደብተር በጉልበቴ ይዤዋለሁ፣ በቀኜ እጽፋለሁ። አልነገርኳትም። ከእነሱ ጋ አብራ ትሰማዋለች። ይህም ፈሪነት መሆኑን አውቃለሁ።

በሩ ተከፈተ። የጠሩት እሷን ነው። እኔ ቀድሜ እገባለሁ።


ዓርብ፣ የካቲት 7

ይድረስ ለወንድምጋሼ፤

የላክሃቸው ሦስት ጥያቄዎች ደርሰውኛል። እንደየቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ፤ መምህር ነህና ደስ ይበልህ።

ከማምከኛው ክፍል ተነሥቻለሁ። ውሳኔ እስኪሰጥ ልብስ ማጠቢያው ጋ አንሶላ አጥፋለሁ። ፖሊስ ቃሌን ተቀብሏል፤ ወደፊት ምን እንደሚመጣ አላውቅም፣ አንተም አታውቅም፤ ስለዚህ አትገምትልኝ። ሐኪሙ፣ "እኔ መጀመሪያውኑ ብዬሽ አልነበረም?" አለኝ። "የደረሱበት ቦታ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የሄዱበት መንገድ ግን ልክ አልነበረም። ለዚህ ነው ሳቂታዋ ላይም የደረሱት። ውኃውም ይመርመር" አልኩት። ተቆጣ። ሜትሮኗ ግን የውኃውን ናሙና አስወስዳለች።

ሳቂታዋ ሥራዋ ላይ ናት። ሰላም አትለኝም። አንሶላ ልትወስድ ስትመጣ ቆጥራ ትፈርማለች፣ ትሄዳለች። ተገቢ ነው፤ ግን አንጀቴን ይበላኛል። ለእማዬ ይህንን አትንገራት፤ ወይም ንገራት፣ ኪስህን ማየቷ አይቀርም።

ሦስተኛው ጥያቄህ በመናገሬ ቀለለኝ ወይ የሚል ነው። አልቀለለኝም። ሰባት ቁጥሯ ጋ እስክገባ ድረስ ጭራሽ ከበደኝ። ትናንት በዋናው በር ገባሁ።

ትኩሳቷ ሦስት ቀን ሆነው ከወረደ። ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ልጇ ከጎኗ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላለች። "መሣሪያሽን ያመከንኩት እኔ ነኝ" አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ቴፑ፣ ስለ ጠቀጠቅኩት ድራም፣ ሰኞ ለገባችው ባለመንታ አዘጋጅቼ ስለነበሩትም ድራሞች፣ ስለ ዝምታዬም። እርግማኗን ስጠብቅ ዓይኗን አንሥታ፣ "የሰኞዋስ? ባለመንታዋ?" አለችኝ።

"በሜትሮኗ ፊት ድራሙን በግማሹ ብቻ ሞላሁት። የመጨረሻ ሥራዬ ነበር። የውስጡንም ቴፕ አይተነዋል።"

"ጠቁሯል?"

"ጠቁሯል።"

"እና በቃ? አትታመምም?"

ወንድምጋሼ፣ አዎ ማለት እንዴት ይቀል ነበር! አሥራ አንድ ዓመት አዎ ስል ነው የኖርኩት፤ በየቀኑ፣ በደብተር እየለጠፍኩ።

"አይበቃም" አልኳት። "ያለሱ ግን አይሆንም።"

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ ውጪልኝም አላለችኝም። ወደ ልጇ በአገጯ አመለከተችና፣ "እስኪ አንሥተሽ ስጪኝ፤ እኔ አሁንም ጎንበስ ማለት አልችልም" አለች። እጄን ስዘረጋ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"መጀመሪያ ታጠቢ።"

ቧንቧው ጋ ሄጄ እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ስጨርስ ዞሬ አየኋት፤ እየተመለከተችኝ ነበር። እንደገና ታጠብኩ።

እህትህ